ሁለተኛዋ ማላላይ

አክስቴ ቶርፔከይ ነጭ መከናነቢያ እያውለበለበች ወደ ተኩሱ ስትሮጥ በዓይኔ አይቻታለሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዘቢብ ማድረቂያ ቤታችን የግድግዳ ቀዳዳዎች በአንዱ ላይ ፊቴን ለጥፌ፣ የጭቃው አቧራ አፌ ውስጥ እየገባ፣ "ማላላይ! አክስቴ ማላላይ ሆነች!" እያልኩ እጮህ ነበር። ከእናቴ እጅ ለማምለጥ ስታገል ከንፈሬ ተሰንጥቆ ደሜ አገጬ ላይ ሲወርድ አልታወቀኝም። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

መንደራችን ስፒን ካሬዝ ከማይዋንድ ሜዳ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ማላላይ ለእኛ የጎረቤት ልጅ ማለት ነበረች። በቅድመ አያቶቻችን ዘመን እንግሊዞች ማይዋንድ ድረስ የመጡ ጊዜ ለቁስለኞች ውኃ ስታመላልስ የዋለች፣ የእኛዎቹ ተስፋ ቆርጠው መሸሽ ሲጀምሩ መከናነቢያዋን ባንዲራ አድርጋ፣ እያዜመችና እያሳፈረች የመለሰቻቸው፣ እዚያው ተመትታ የቀረች ልጅ ናት። ሴቶቹ ልብስ ሲያጥቡ እንደ ትናንት ሰው ያወሯታል። ባልዲ ከብዶን ስናለቃቅስ፣ "ማላላይ አንቺን ብታይ ኖሮ ለእንግሊዝ አገሩን ትሰጠው ነበር" ይሉናል።

ከሰዓት በኋላ፣ ወንዶቹ ከወይኑ ቦታ ሲመለሱ፣ እኔ ማላላይን እሆናለሁ። እንግሊዙ ደግሞ ዛርዋሊ ነው፤ የአባቴ ታናሽ ወንድም። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ቁመቱ ከበራችን አልፎ ሄዷል፣ ጢሙ ግን እሺ ብሎ አልመጣም።

"እንግሊዝ ሆይ፣ ውጣ ከአገሬ!" እለዋለሁ በትሬን ቀስሬ።

"ማን ናት ይቺ ደግሞ? ንፍጧን ሳትጠርግ ጦር ሜዳ የምትመጣው?"

እወጋዋለሁ። ሆዱን ይዞ ይንገዳገዳል፣ በእንጆሪው ዛፍ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ይዞራል፣ ከዚያ አቧራው ላይ ተዘርሮ ምላሱን ያወጣል።

"ሞትክ?"

"ገና ነኝ። አንዴ ድገሚኝ።"

አያቴ፣ ሁላችንም አዴ ነበር የምንላት፣ ከወጥ ቤት ብቅ ትላለች። "ተነስ አንተ ረጅም! በሞት ይቀለዳል እንዴ? አሁን ያጠብኩትን ልብስ!"

አክስቴ ቶርፔከይ የዛርዋሊ እህት ናት፤ በሁለት ዓመት ትበልጠዋለች። ሁለቱ አንድ ላይ ያደጉ፣ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው አፍንጫውን የሚጠርግ ዓይነት ነበሩ። እሷ የታጨችው ለጓደኛው ለሳይዳል ነው። በእኛ ዘንድ የታጨች ልጅ የእጮኛዋን ስም አፏ ላይ አታደርግም፤ ነውር ነው። ስለዚህ አክስቴ "ያ ሰው" ነበር የምትለው።

"ያ ሰው ዛሬ በበሩ አለፈ?" ትላለች፣ ዓይኗን ከጥልፏ ሳታነሳ።

"የቱ ሰው?" ይላል ዛርዋሊ። "ያ አፍንጫው ከሱ ቀድሞ የሚደርሰው? አንድ ቅርጫት ኮክ ይዞ ሦስት ጊዜ አልፏል። ኮኩ በፀሐይ በስሎ አለቀ።"

በመርፌ ትወጋዋለች። ይጮኻል። እኔም ያለ ምንም ምክንያት አብሬ እጮኻለሁ።

በመከር ዛርዋሊ ዘቢብ ሊሸጥ በጭነት መኪና ወደ ካንዳሃር ሄደ። መኪናው ሲመለስ ሹፌሩ ብቻውን ነበር። ወንድ አያቴን፣ ባባን፣ ከእንጆሪው ሥር ወስዶ አነጋገረው። እኔ ዛፉ ላይ ነበርኩ፤ አላዩኝም።

"ኬላው ላይ አወረዱት" አለ ሹፌሩ። "ለመንኩ። በሰደፍ መቱኝ።"

"ልብሱን አልብሰውታል?"

"አልብሰውታል፣ ባባ። በማግስቱ ሳልፍ ለብሶ ቆሞ አየሁት። ራሱንም ላጭተውታል።"

ባባ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሹፌሩ ሻይ እንኳ ሳይቀምስ ሄደ።

ማታ ባባ ለሁላችንም፣ "ዛርዋሊ ካራቺ ሄዷል። ወደብ ላይ ሥራ አግኝቷል። ማንም ቢጠይቅ ካራቺ ነው" አለን። እኔ ግን ከሌሎቹ የበለጠ አውቃለሁ ብዬ አሰብኩ፤ ልብስ እንዳለበሱት ሰምቻለሁና። አዴ አጠገብ ተጠግቼ፣ "ዛርዋሊ ለእኔም አዲስ ልብስ ይልክልኛል?" አልኳት። በጥፊ መታችኝ። መትታኝ የማታውቅ ሴት ናት። ወዲያው ደግሞ ጎትታ ደረቷ ላይ አጣበቀችኝ፤ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ። እሷም አዲስ ልብስ አምሯት ይሆናል ብዬ አዘንኩላት።

ያኔ ሩሲያውያኑ አገሩ ውስጥ ነበሩ፤ መንግሥቱም የነሱ ነበር። ወታደር ሲያጥረው ጎረምሶችን ከመንገድ ላይ እያፈሰ፣ ራሳቸውን ላጭቶ፣ ልብስ አልብሶ ጠመንጃ ያስይዛቸዋል። የአካባቢያችን ተዋጊዎች አዛዥ ደግሞ ያንን ልብስ የለበሰ ሁሉ ከሃዲ ነው፣ ቤቱም ይቃጠላል ብሎ አውጇል። ወዶ ይልበሰው ተገዶ የሚጠይቅ አልነበረም። አባቴ እንኳ፣ የኮይታን መንገድ በጭነት መኪና ሲመላለስ ወር ሙሉ የማይመጣው አባቴ፣ ወንድሙ ካራቺ እንዳለ ነው የተነገረው። እውነቱን የሚያውቁት ባባ፣ አዴ፣ አክስቴና እናቴ ብቻ ነበሩ። እኔ ካራቺ ሲባል ለብዙ ዓመት የሚታየኝ፣ ሰው ሁሉ በነፃ አዲስ ልብስ የሚለብስበት ከተማ ነበር።

በሚቀጥለው በጋ፣ ወይኑ ገና ሊበስል ሲል፣ ወታደሮቹ ከአውራ ጎዳናው ወደ እኛ ታጠፉ። ጠዋት ነበር። ባባ ሴቶችንና ልጆችን ወደ ዘቢብ ማድረቂያው ቤት አስገባን። ግድግዳው ክንድ ተኩል ውፍረት አለው፤ ጥይት አይበሳውም። ከላይ እስከ ታች ንፋስ የሚገባባቸው ጠባብ ቀዳዳዎች አሉት፤ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ያዝን። የዓምናው ዘቢብ ሽታ ገና ከግድግዳው አልወጣም ነበር። ጦርነቱ እስኪጀመር ድረስ ጭቃው ላይ የተጣበቀ ዘቢብ እየፈለቀቅሁ እበላ ነበር።

ከፊታችን የወይኑ ቦታ፣ ከወይኑ ወዲያ ደረቁ ወንዝ። የእኛዎቹ በወይኑ አጥሮች ሥር ተኝተው ይተኩሳሉ። መጀመሪያ ላይ የሳይዳልን ቡናማ ጥምጥም ለይቼ ለአክስቴ አሳየኋት። ከዚያ ከወንዙ ወዲያ ያለው ታንክ ተኮሰ። አንዱ አጥር ከነሰዎቹ ጠፋ። ጢሱ ሲገለጥ የእኛዎቹ ጎንበስ ብለው ወደ ኋላ ሲሮጡ አየሁ።

"ይሸሻሉ!" አልኩ። ማልቀስ ጀመርኩ። "እማዬ፣ ሳይዳልም እየሸሸ ነው!"

"ዝም በይ ጋቶል።"

ወታደሮቹ ወንዙ ውስጥ ገቡ። ከፊት ያደረጓቸው ቀጫጭኖች ነበሩ፣ ልብሱ ሰፍቷቸው የሚንጠለጠልባቸው። ፈንጂ ካለ እነሱ ይርገጡት ብለው ነው። እኔ ግን በጣም ደፋሮቹ ስለሆኑ ቀደሙ ብዬ ፈራኋቸው።

አክስቴ ድንገት፣ "አዴ፣ ነይ እዪ" አለች። ድምፅዋ ልዩ ነበር። "ያ ትከሻውን ወደ አንድ ጎን የሚጥለው።"

አዴ ቀዳዳው ላይ ተጠጋች። ብዙ ቆየች። "እሱ ነው" አለች።

"ማን ነው?" አልኩ። ሳይዳልን ነው የሚሉት ብዬ አሰብኩ፤ አክስቴ እንደዚያ የምትርበተበተው ለእሱ ብቻ ነበር።

"መሣሪያውን ጣለ! አዴ፣ ጣለው! ወደ እኛ እየሮጠ ነው!"

አዴ ነጩን መከናነቢያዋን ከራሷ ላይ ገፈፈች። የአያቴን ፀጉር ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት፤ ሽበትና ሂና። ጨርቁን አክስቴ እጅ ላይ ጠቀለለችው። "ሂጂ" አለቻት። "ሴት ላይ አይተኩሱም። ሂጂ ንገሪያቸው። ሩጪ ልጄ!"

አክስቴም ሮጠች። ፊቷን ሳትሸፍን፣ ፀጉሯ ተበትኖ፣ በወይኑ ረድፍ መካከል፣ ጨርቁን ከራሷ በላይ እያወዛወዘች። የምትጮኸውን ተኩሱ ይቆራርጠዋል። አንድ ቃል ብቻ በደንብ ደረሰኝ፤ "ሳይዳል!" ስሙን ጠራችው! በሰው ሁሉ ፊት! "ሳይዳል! ሳይዳል!"

ቡናማው ጥምጥም ቆመ። ዞረ። ለአፍታ አያት። ከዚያ እጁን ወደ ላይ አነሳና ጮኸ፤ በየረድፉ ይሸሹ የነበሩት ሁሉ ዞሩ። እንደ ጎርፍ ወደ ወንዙ ወረዱ። ከዚያ በኋላ ያለው ጢስና ጩኸት ነው፣ የእኔም ጩኸት በውስጡ አለ።

ቀትር ሳይደርስ አለቀ። ታንኩ ወደ ጎዳናው ተመለሰ። ከእኛም ወድቀዋል፤ ግን መንደሩ አልተቃጠለም። አክስቴን ከወንዙ ዳር ተቀምጣ አገኟትና ሁለት ሴቶች ደግፈው አመጧት። የተዋጊዎቹ አዛዥ በራችን ላይ ቆሞ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ጋቢውን አውልቆ ደፉ ላይ አኖረላት።

"ይቺ ልጅ ባትኖር ዛሬ ሁላችንም ፈሪ ነበርን" አለ ለባባ። "ማይዋንድ ሁለተኛ ማላላይ ወለደች። እንኳን ደስ ያለህ።"

ባባ፣ "እግዜር ይስጥልኝ" አለ።

ግቢያችን በሴት ተሞላ። የሳይዳል እናት ከበሮዋን ይዛ መጣች፤ ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ ድምፅዋ ሦስት ቤት የሚያልፍ ሴት ናት። "ምራቴን አሳዩኝ!" አለች። "ልጄን በስሙ የጠራችውን ባለጌ አሳዩኝ፣ ልሳማት! እኔ እንኳ አባቱን በስሙ ጠርቼው አላውቅ፤ ብጠራው ኖሮ ይሄኔ ጄኔራል ነበር!" ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። አዴን መሐል አስቀምጠው ከበሮ መቱላት፣ በየተራ እጇን ሳሙ። አዴ ከሁሉም የበለጠ ትስቅ ነበር። አፏን ከፍታ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘች፣ እንባዋ እስኪፈስ። ድምፅ ግን አልነበረውም ሳቋ። ያን ፊት እኔ ለሠላሳ ዓመት የደስታ ፊት ብዬ ይዤው ኖርኩ።

"ልጄም እንዳትንቁት!" አለች የሳይዳል እናት። "አንዱ ወታደር ነው አሉ፣ ባዶ እጁን፣ ክንዱን ዘርግቶ እየሮጠ መጣበት። ቦምብ ደብቆ ይሆናል ብሎ፣ እንደ ቆቅ! አንድ ጥይት፣ እዚህ ጋ።" ደረቷን መታች።

አክስቴ የሻይ ትሪ ይዛ ቆማ ነበር። ጎንበስ ብላ ትሪውን በቀስታ መሬት አስቀመጠችው። አንድም ብርጭቆ አልጮኸም። ወደ ውስጥ ገባች። "አፈረች" አሉ ሴቶቹ። እኔም አፈረች ብዬ ተከትያት ልስቅባት ስሄድ በሩ ተዘጋብኝ።

በማግስቱ ጠዋት ባባ የጠላት ሬሳዎችን እቀብራለሁ አለ። ሰው አጉረመረመ። የመስጊዱ ሰው ለከሃዲ ጸሎት አላደርስም አለ።

"ጸሎት ማን ጠየቀህ?" አለው ባባ። "በጋ ነው። ይሸታል። ውኃችን ውስጥ ይወርዳል። አካፋውን ለእኔ ተዉት።"

የዕድሜውን ያህል ተከብሮ የኖረ ሽማግሌ ነውና ዝም አሉት። ከጠዋት እስከ ከሰዓት አንድ በአንድ ፊታቸውን አጠበ፣ ሸፈነ፣ ጉድጓድ ቆፈረ። ውኃ የምታመላልስለት አክስቴ ነበረች። በእንስራ ተሸክማ፣ ቀና ሳትል፣ ትሄዳለች ትመጣለች። እኔ አጥሩ ላይ ተቀምጬ፣ ልክ እንደ ማላላይ፣ ለጠላት እንኳ ውኃ ትወስዳለች፣ አያቴም ለጠላት እንኳ ያዝናል እያልኩ ልቤ ያብጥ ነበር። ባባ ሁሉንም የቀበረው አንዱን ለመቅበር ነበር። አንዱ ላይ ጎንበስ ብሎ ብዙ ሲቆይ ማንም ልብ እንዳይለው።

ሳይዳል አማቱን ሊያግዝ አካፋ ይዞ መጣ። "ሂድ ልጄ፣ ደክመሃል" አለው ባባ። "እርስዎ እየቆፈሩ እኔ ልተኛ?" ብሎ እምቢ አለ። የተሸፈነውን አንዱን በእግሩ በኩል ያዘ። ባባ ጀርባውን ሰጥቶ ጉድጓዱን ያስተካክላል። ጨርቁ ከፊቱ ላይ ተንሸራተተ። እኔ ካለሁበት የሚታየኝ የተላጨ ራስ ብቻ ነበር። ሳይዳል ግን ፊቱን አየ።

ቁጭ አለ። ከዚያ በጉልበቱ ተጠግቶ ጨርቁን መለሰው፤ ጫፉን ከአገጩ ሥር እንደ ሕፃን አጣፈለት። ተነስቶ ከቁጥቋጦው ጀርባ ሄዶ አስታወከ። ውኃ ይዤለት ሄድኩ።

"ሸተተህ?" አልኩት።

"አዎ ጋቶል" አለ። "ሸተተኝ።" ጣሳውን ይዤ አጠጣሁት።

ምሳ ላይ ይህን እንደ ቀልድ አወራሁት። "ጀግናው ሳይዳል ሸትቶት አስታወከ! ጨርቁ ሲገለጥ ቁጭ ብሎ ቀረ!" ማንም አልሳቀም። አክስቴ ዳቦ ትቆርስ ነበር፤ እጇ እዚያው ቆመ።

በዚያው ክረምት አውሮፕላኖቹ መጡና መንደሩን ትተን፣ ድንበር ተሻግረን ኮይታ ገባን። በጸደይ አክስቴን ዳርናት። ሠርጉ ላይ አለቀሰች፤ ሙሽራ ሁሉ ታለቅሳለች። ሳይዳልም ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ጢስ ነው አሉ።

እውነቱን የሰማሁት ካደግሁ፣ ነርስ ከሆንኩ በኋላ ነው። አዴን ቀብረን በተመለስንበት ቀን፣ አክስቴ የእናቷን ልብሶች እያጣጠፈች፣ እንደ ተራ ወሬ፣ ነገረችኝ።

"'ሳይዳል፣ አትተኩሱ፣ ዛርዋሊ ነው፣ ወንድሜ ነው' ነበር የምለው" አለች። "ነጩን የያዝኩት አቁሙ ለማለት ነው። እነሱ ባንዲራ መሰላቸው። ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ማንም አልሰማም።"

"አንቺ ምን ታደርጊ ነበር ታዲያ?"

"ዝም እል ነበራ።" አንድ ቀሚስ ዘርግታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች። "እነሱ እየሸሹ ነበር፣ ጋቶል። ዝም ብል ሸሽተው ይሄዱ ነበር። እሱም እየሮጠ ቤቱ ይገባ ነበር። በሩ ክፍት ነበር።"

ባባ የሳይዳልን እናት ወሬ ከሰማ በኋላ ጠርቷት እንደነበርም ነገረችኝ። "አባትሽ ቢሰማ ሳይዳልን መግደል ግዴታው ነው፣ የሳይዳል ወንድሞች ደግሞ አባትሽን። ባባ 'አንድ ልጅ ነው የቀረኝ' አለኝ። 'ማጨቱን ግን ላፍርስልሽ' አለኝ። 'ምክንያቱን ሲጠይቁህ ምን ትላለህ?' አልኩት። አካፋውን አንስቶ ወጣ። እኔም እንስራዬን ይዤ ተከተልኩት።"

"ሳይዳል ማን እንደሆነ ማየቱን ታውቂ ነበር?"

"አንቺ ነሽ እኮ ምሳ ላይ የነገርሽኝ።"

ባልና ሚስቱ ግን አንድም ቀን አላወሩትም። ወደ ማውራት የቀረቡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የበኩር ልጃቸው ሲወለድ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤቱ በሰው ሞልቷል፣ የስሙን ነገር ሽማግሌዎች እየተነጋገሩበት ነው። ሳይዳል ሕፃኑን ታቅፎ፣ ማንንም ሳያስቀድም፣ "ዛርዋሊ ይባል" አለ።

አባቴ ሳቀ። "ወንድሜ ካራቺ ተቀምጦ? በቤታችን በሕይወት ያለ ሰው ስም ለልጅ አይወጣም እኮ!"

ሳይዳል የሕፃኑን መጠቅለያ አስተካከለ። ዓይኑን ከሕፃኑ አላነሳም። አባቴ ወደ ባባ ዞረ፤ ባባ መሬት መሬት ያያል። ወደ አዴ ዞረ።

"ይሁን" አለች አዴ።

አባቴ ሁሉንም አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ ጫማውን ሳያደርግ ወደ ውጭ ወጣ። አዴ ሕፃኑን ተቀበለችና ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስሙን እየጠራች። "ደስታ ነው" አሉ ሴቶቹ። እኔም ደስታ መስሎኝ አጨበጨብኩ።

ዓመታት አለፉ። ማላላይ የሚለው ስም ግን አክስቴን ኮይታም ድረስ ተከተላት። የትምህርት ቤት በዓል ላይ ይጠሯታል፣ የዚያን ቀን ልጆቻቸው የወደቁባቸው እናቶች ሳይቀሩ እጇን ሊስሙ ይመጣሉ። "ልጄ ባንቺ ድምፅ ነው በጀግንነት የሞተው" ይሏታል። እጇን አትነጥቃቸውም። ሲሄዱ ግን ራሴን አመመኝ ብላ ትተኛለች።

ሳይዳል ባለፈው ክረምት ሳንባው ታመመ። ሐኪሞቹ ወደ ቤት መለሱት። መርፌውን የምወጋው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን፣ ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ፍራሹ ላይ ስታርፍ፣ አክስቴ ትራሱን ስታስተካክልለት፣ እጇን ያዛት። በሰው ፊት እጇን ሲይዝ አይቼው አላውቅም። ልወጣ ተነሳሁ።

"ተቀመጪ ጋቶል" አለኝ። "አንቺም እዚያ ነበርሽ።" ትንፋሹን ጠበቀ። ወደ እሷ ዞረ። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ቀን ስሜን ጠራሽኝ።"

"ጠራሁህ።"

"ከስሜ ቀጥሎ ያልሽው ነበር። አፍሽ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ተኩሱ ዋጠው። ምን ነበር?" ሳል አቋረጠው። "አርባ ዓመት ፈርቼ ነው ያልጠየቅሁሽ። አትተኩስ ብለሽኝ ይሆን? ብለሽኝ ከሆነ ንገሪኝ። ልወቀው።"

አክስቴ ወደ እኔ አየች። እኔ ዓይኔን ሰበርኩ። በውጭ የብስክሌት ደወል አለፈ። እሷ ከአጠገቡ፣ ፍራሹ ጫፍ ላይ፣ ተቀመጠች።

"አይደለም" አለችው። "ተመለስ ነው ያልኩህ። ዛርዋሊ እዚያ እንዳለ በምን አውቄ? ሲሸሹ አይቼ ደሜ ፈላ። ተመለስ አልኩህ፣ ተመለስክ። እኔ ነኝ የመለስኩህ፣ የኔ ጌታ። በአንተ ላይ ጥፋት የለም።"

ያመናት እንደሆነ አላውቅም። ትከሻው ግን ትራሱ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ከባድ ነገር ተሸክሞ ኖሮ ያራገፈ ሰው እንደሚያደርገው።

"እንደሱ ከሆነ ደህና" አለ።

እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ፣ "ሾርባውን አምጪለት ጋቶል፣ እየቀዘቀዘ ነው" አለችኝ። ያን ቀን፣ ከስንት ሳምንት በኋላ፣ ሳህኑን ጨረሰው።